የማን ምን ብዬ ልንፋ?

"የማን ምን ብዬ ልንፋ?" አለ ምህረቴ፣ ጥሩምባውን ከጋቢው ሥር እያወጣ።

መምህር አዝመራው የግቢውን በር በአንድ እጁ እንደያዘ ቆሟል። ጎህ ገና መቅደዱ ነው። ኔትወርክ ከትናንት ማታ ጀምሮ ስለጠፋ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ በእግሩ መጥቶ ቀስቅሶታል።

"ማን ሞተ?"

"ደብሪቱ። ወርቅአየሁ ቤት ያለችው።"

"ነፍሷን ይማር። አሟት ነበር እንዴ?"

"ኩላሊት ነው አሉ፤ ሲያማት ከርሟል። እኔን የቸገረኝ አነፋፉ ነው፣ መምህር። የወርቅአየሁ እህት እንዳልል፣ እህቷ እንዳልሆነች ሕፃን ያውቃል። ጣውንቷ እንዳልል፣ በጥሩምባ ጣውንት ተብሎ ሲነፋ ሰምቼ አላውቅም። ዝም እንዳልል ደግሞ ሬሳው ተገንዞ ይጠብቃል።"

"ጋሽ ገብረ ማርያም ምን አሉ?"

"ጸሐፊውን ጠይቅ አሉኝ። ደንቡን የጻፈው እሱ ነው አሉኝ።"

በዳንግላ የዚህ ሰፈር እድር ሟችን በስሙ ብቻ አይጠራም። ጥሩምባ ነፊው በየመስቀለኛ መንገዱ ቆሞ የሟቹን ስም፣ የየትኛው አባል ምን እንደሆነና ለቅሶው የት እንደሆነ ይናገራል። ሁሉን የምትወስነው መካከለኛዋ ቃል ናት። እናት፣ ባል፣ ልጅ ከተባለ ድንኳን ይተከላል፣ አግዳሚ ወንበር ይወጣል፣ ተረኞች መቃብር ይቆፍራሉ፣ ሴቶቹ ተራ ገብተው ለቀስተኛውን ያስተናግዳሉ። ቃሏ ከሌለች ይህ ሁሉ የለም። ሟቹም አገር እንደሌለው መንገደኛ ይቀበራል።

አዝመራው ደንቡን ሲጽፍ ክፉ አላሰበም። በዩኒቨርሲቲ የተማረው ሶሲዮሎጂ ነው፤ አሁን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዜግነት ትምህርት ያስተምራል። በፊት የእድሩ አባል ሁሉ የአጎቱን አማች ሳይቀር "ወንድሜ ሞተ" እያለ ድንኳን ያስተክል ስለነበር፣ ሰፈሩ ሲሰለቸው "አንተ የተማርከው ነገር ነው፤ ቤተሰብ ማለት ምን እንደሆነ ጻፍልን" አሉት። ስለ ቤተሰብ ያጠናው አስተሳሰብ አንድ ብቻ አልነበረም። አንዳንዶቹ ምሁራን ቤተሰብ የኅብረተሰብ ምሰሶ ነው ይላሉ፤ ይወልዳል፣ ያሳድጋል፣ ይቀጣል፣ ይጦራል። ሌሎቹ ደግሞ ቤተሰብ ንብረት የሚተላለፍበትና የሴት ልፋት ሳይታይ የሚቀርበት ቦታ ነው ይላሉ። ሦስተኞቹ ቤተሰብ ምንድን ነው ብላችሁ አትጠይቁ፣ ሰዎች በየቀኑ አንዱ ለሌላው የሚያደርጉትን እዩ ይላሉ። አዝመራው ሦስቱንም ለፈተና አጥንቶ ጥሩ ውጤት አምጥቶባቸዋል። ደንቡ ላይ ግን "በጋብቻ፣ በሥጋ ልደት ወይም በሕግ በተረጋገጠ ጉዲፈቻ የተሳሰሩ" ብሎ ጻፈ። በአንቀጽ ለመጻፍ የሚመቸው እሱ ነበር። ሰፈሩም አጨብጭቦ አጸደቀው።

"ቆይ፣ ልብሴን ልልበስና ወርቅአየሁ ዘንድ እንሂድ" አለው ምህረቴን።

የወርቅአየሁ ቤት ከሚኒባስ መናኸሪያው ጀርባ ነው። ፊት ለፊቱ ቁርስ ቤት፣ ጓዳው መኖሪያ። ባሏ ፀጋው የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። እዚህ በሥርዓት ያገባት ሚስቱ ወርቅአየሁ ነበረች፤ አዲስ ቅዳም ከተማ ደግሞ ከሰል ለመጫን ሲመላለስ የለመዳት፣ ልጅም የወለደችለት ደብሪቱ ነበረች። መኪናው ተገልብጦ ሲሞት ደብሪቱ ልጇን ይዛ ለቅሶ መጣች። ሙሾውን በአዊኛ ስታወርድ፣ አዊኛ የማትሰማው ወርቅአየሁ የገባት የባሏ ስም ብቻ ነበር። ለጠብ እሱ በቂ ነበር፤ ያን ቀን ሰው ገላግሏቸዋል። ለቀስተኛው ሁሉ ተበትኖ ሲያልቅ ግን ደብሪቱ አልሄደችም፤ የለቅሶውን ድስት ታጥብ ነበር። ወርቅአየሁም ሂጂ አላለቻትም። በነጋታው ደብሪቱ እሳቱን አነደደች፤ ወርቅአየሁ ዱቄቱን አወጣች። ሰፈሩ ለብዙ ጊዜ "መርዝ ይሰጣጣሉ" ብሎ ሲጠብቅ ሁለቱ ሴቶች ቁርስ ቤት ከፈቱ። ሲጣሉ ይውላሉ። ፍርፍሩ ጨው በዛበት አነሰው ብለው የሚጨቃጨቁትን ለመስማት ብቻ የሚመጣ ደንበኛ ነበራቸው። የደብሪቱ ልጅ አሸናፊ ሁለቱንም "እማዬ" ነው የሚላቸው፤ ሲጠራ ሁለቱም አቤት ይላሉ፣ ከዚያም ማንን እንደጠራ ይጣላሉ።

የእድሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ገብረ ማርያም ቀድመው ደርሰው ቁርስ ቤቱ ውስጥ ተቀምጠዋል። ጠረጴዛዎቹ ወደ ግድግዳ ተገፍተዋል። ወርቅአየሁ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ከጓዳው በር አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣለች። አታለቅስም። የጥቂት ጎረቤቶች ድምፅ ከውስጥ ይሰማል።

"እግዜር ያጽናሽ፣ እታለም" አላት አዝመራው።

"አሜን፣ መምህር። ድንኳኑን መቼ ታመጡልኛላችሁ?"

አዝመራው ጋሽ ገብረ ማርያምን አያቸው። እሳቸው ከዘራቸውን አዩ።

"እሱን እየተነጋገርን ነው" አሉ ሽማግሌው። "እኔ የምለው ቀላል ነው። ምህረቴ ወጥቶ የወርቅአየሁ እህት አርፋለች ይበል፣ ነገሩም ይለቅ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባል የለ? ማንም አይቃወምም።"

"እህቴ አይደለችም" አለች ወርቅአየሁ።

"እናውቃለን እኮ፤ ለአፍ ያህል ነው።"

"ለአፍም አይባልም። እህት አለችኝ፤ ፍኖተ ሰላም ነው ያለችው፤ ፀጋው ሲሞት ለሰባቱ እንኳ አልመጣችም። ደብሪቱ ጣውንቴ ናት። ይህን ሁሉ ዓመት በዚህ ስም ነው የኖርነው፤ ተሰዳድበንበታል፣ ስቀንበታል። ዛሬ ሞተች ብዬ ስሟን አልቀይርባትም። በሬሳ ላይ አልዋሽም፣ ጋሼ።"

"እንግዲህ ደንቡ ጣውንት አይልም" አሉ ጋሽ ገብረ ማርያም፣ ወደ አዝመራው ዞረው። "ይላል እንዴ?"

"አይልም።"

"ደንቡማ አይልም" አለች ወርቅአየሁ። ድምጿ ከፍ አላለም። "ግን እኔ ወገቤን እያመመኝ፣ በየለቅሶው የኔን ተራ ስታገለግል የኖረችው ማን ናት? የእናትዎ ለቅሶ ላይ፣ ጋሼ፣ ውኃ ስትቀዳ የዋለችው ማን ናት? ያኔ ደንቡ ማን ናት አላለም። እኔ ሌላ ነገር አልጠየቅሁም። ለሰው ሁሉ የቆመው ድንኳን ለእሷም ይቁም፤ ሰው መጥቶ ከሥሩ ይቀመጥላት። ካልሆነም ንገሩኝ፤ እኔና ልጇ ተሸክመን እንወስዳታለን።"

ጋሽ ገብረ ማርያም ተነሥተው አዝመራውን ወደ ውጭ ጠቀሱት። መናኸሪያው ላይ የመጀመሪያው ሚኒባስ "እንጅባራ፣ እንጅባራ" ይላል።

"የእሑዱ ጉባኤ ይወስን እንዳልል ሬሳ አይጠብቅም" አሉ። "እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ሰው ላይ አልጨክንም። አንተ የወሰንከውን እፈርማለሁ። ችግሩ ግን አንተም እኔም አይደለንም።"

"ኪዳኑ ነው" አለ አዝመራው።

"ኪዳኑ ነው።"

የእድሩ ዕቃ ቤት በሁለት ቁልፍ ነው የሚዘጋው። አንዱ ከጸሐፊው ጋር፣ ሌላው ከንብረት ጠባቂው ከኪዳኑ ጋር ይቀመጣል። እንዲህ የተደረገው ማንም ለብቻው ገብቶ ዕቃ እንዳያወጣ ነው። ይህንንም የጻፈው አዝመራው ነው።

ኪዳኑ ኮርቻ ሠሪ ነው። አዊ ዞን ውስጥ ፈረስ ያለው ሰው ሁሉ፣ ለጥር ሃያ ሦስቱ የፈረሰኞች በዓል የሚዘጋጀው ሳይቀር፣ አንድ ቀን የእሱን ሱቅ ይረግጣል። አዝመራው ሲደርስ ሱቁን ከፍቶ በጠፍር ላይ አጎንብሷል። ቀና አላለም።

"እንዴት አደሩ፣ አያ ኪዳኑ።"

"ደኅና። ሰምቻለሁ።"

"እንግዲህ ዕቃ ቤቱን..."

"የማን ምን ናት?"

አዝመራው የሚቀመጥበት ፈለገ። ያልተጨረሰ ኮርቻ ያረፈበት በርጩማ ብቻ ነው ያለው። ቆሞ ቀረ።

"የወርቅአየሁ ጣውንት ናት። አብረው ይኖሩ እንደነበር እርስዎም ያውቃሉ። ደብሪቱ እኮ ለዚህ ሰፈር..."

"ለቀባሪው አረዱት" አለ ኪዳኑ። ወስፌውን አስቀመጠ። "ደብሪቱ ማን እንደነበረች ለኔ ትነግረኛለህ? እመቤት የሞተች ቀን ከእድሩ ሰው ቤቴ የመጣው ማን እንደሆነ ታውቃለህ? ድንኳን የለም፣ ጥሩምባ የለም፣ ከጎረቤት የተዋስኩት ሸራ ሥር እኔና ባለቤቴ ተቀምጠናል። ደብሪቱ ድስት ተሸክማ መጣች። ማንም አላዘዛትም። ሦስት ቀን ሙሉ ከጓዳዬ አልወጣችም።"

እመቤት የኪዳኑ ሚስት ከጥርባ አካባቢ፣ ከሞተች ጓደኛዋ ቤት ያመጣቻት ሕፃን ነበረች። ኪዳኑ ልጅ የለውም። ትምህርት ቤት ያስገባት እሱ ነው፤ ደብተሯን በቆዳ ይለብድላት ነበር። በስሙም ትጠራ ነበር፤ ፍርድ ቤት ሄዶ ጉዲፈቻ ማጸደቅ እንዳለበት ግን የነገረው ሰው አልነበረም፣ እሱም አላሰበው። አሥረኛ ክፍል ደርሳ በወባ ስትሞት ጸሐፊው አንቀጹን አነበበለት። በደንቡ መሠረት ልጅቱ ቤተሰብ ሳትሆን ተቀማጭ ናት ተባለ። ደንቡ ገና በጸደቀ ሰሞን ነበር፤ አዝመራው ለመጀመሪያው ሰው ካላላነው ለሁሉ ይላላል ብሎ አሰበ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ክረምት አልፏል። ኪዳኑ ከእድሩ አልወጣም፣ ንብረት ጠባቂነቱንም አልተወም። ለአዝመራው ሰላምታ ይመልሳል፤ ከዚያ አያልፍም።

"ዛሬ ምን ተለወጠ?" አለ ኪዳኑ። "ደንቡ ተለወጠ?"

"አልተለወጠም።"

"ታዲያ አንቀጹን አንብብልኛ። ያን ቀን እንዳነበብከው፣ ረጋ ብለህ።"

አዝመራው ሊለው የሚችለው ነገር ነበረው፤ ያኔ እድሩ እንዳይፈርስ ፈርቼ ነው፣ ሕግ አዛኝ ሲሆን ሕግነቱ ይቀራል፣ የመሳሰለውን። ለተማሪዎቹ ብዙ ጊዜ ብሎታል። አሁን ግን ቃሉ አፉ ውስጥ ጣዕም አጣበት፤ አፈረም።

"ልንገርህ" አለ ኪዳኑ። "ለደብሪቱ ብዬ ያን በር ብሰብረው ደስ ይለኛል። አንተ ቆመህ ክፈት ስትለኝ ግን እጄ አይታዘዝልኝም። ለሷ አልከለክልም፤ ላንተ ግን አልከፍትም።"

አዝመራው ቁልፎቹን ከኪሱ አወጣ። የዕቃ ቤቱን ከቤቱና ከትምህርት ቤቱ ቁልፎች መሀል ፈልጎ ለየ። ቀለበቱ ጠንካራ ስለሆነ ጥፍሩ ተሰነጠቀ። ቁልፉን ከጠፍሩ አጠገብ አስቀመጠው።

"ሁለቱም እርስዎ ጋ ይሁን" አለ። "እኔ ክፈቱ አልልም፤ አትክፈቱም አልልም። መቃብር ልቆፍር ነው የምሄደው።"

"ጸሐፊ አይቆፍርም።"

"አውቃለሁ። እሱንም እኔ ነኝ የጻፍኩት።"

ኪዳኑ መልሶ ወስፌውን አነሣ። አዝመራው ሲወጣ ምህረቴ በር ላይ እየጠበቀው ነው።

"ንፋ" አለው።

"ምን ብዬ?"

"እሷ እንዳለችው። ጣውንት ብለህ።"

"ሰው ይስቃል እኮ፣ መምህር።"

"ይሳቅ።"

ምህረቴ ጥቂት ካመነታ በኋላ ወደ መስቀለኛው ሄደ። ጥሩምባው ረጅም፣ ጎርናና ድምፅ አወጣ። "የወይዘሮ ወርቅአየሁ ጣውንት፣ ወይዘሮ ደብሪቱ አርፋለች፤ ለቅሶው ወርቅአየሁ ቤት ነው፤ ያልሰማህ ስማ" አለ። አንድ ባጃጅ ቆመ። ድንች የጫነ ጋሪ የሚነዳ ሰው ፈረሱን ያዝ አድርጎ ወደ ጎረቤቱ ዞረና "ምን አለ?" ብሎ ጠየቀ። ጎረቤቱ ደገመለት። ማንም አልሳቀም። ባለ ጋሪው ባርኔጣውን አውልቆ ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ ፈረሱን ነካ።

ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ የቁፋሮ ተረኛ አልመጣም፤ ዕቃ ቤቱ ካልተከፈተ ተራ አይጠራም። ጥሩምባውን ሰምተው በገዛ ፈቃዳቸው የመጡ ጥቂት ጎልማሶች ግን ነበሩ። አዝመራው ኮቱን ዛፍ ላይ ሰቅሎ ዶማ ሲይዝ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዱ "መምህር፣ ዶማው በዚያ በኩል ነው የሚይዘው" ብሎ አሾፈበት። አፈሩ ከላይ ለስላሳ ነው፤ ከሥር ግን ደንጊያ አለው። ብዙም ሳይቆይ መዳፉ ውኃ ቋጠረ። ዶማውን ለሌላው ሰጥቶ አፈር መዛቅ ያዘ።

ወርቅአየሁ በሚኒባስ ሹፌር መልእክት ልካበት አሸናፊ ከእንጅባራ ሲደርስ በቀጥታ ወደ መቃብሩ ነው የመጣው። እዚያ ባጃጅ ይነዳል። ዐይኑ ቀልቷል።

"መምህር" አለ። አዝመራው አስተምሮታል። "እማዬ ድንኳን የለም ብላ ልካብኛለች። እውነት ነው?"

"አላውቅም።"

"ጸሐፊው እርስዎ አይደሉ እንዴ?"

"ነኝ።"

"ታዲያ እንዴት አያውቁም?"

"ቁልፉ እኔ ጋ የለም፣ አሸናፊ።"

ልጁ ትንሽ አየው። በቁጣም በምስጋናም አልነበረም፤ ግራ ገብቶት ነበር። ከዚያ ጃኬቱን አውልቆ ጉድጓዱ ውስጥ ሊገባ ሲል ጎልማሶቹ ከለከሉት፤ ልጅ የእናቱን መቃብር አይቆፍርም። ሄዶ አፈሩ ክምር አጠገብ ተቀመጠ።

ፀሐይዋ ከፍ ስትል ምህረቴ እያለከለከ መጣ።

"ከፈተው" አለ። "ኪዳኑ ብቻውን ከፈተው። ማንንም አልጠራም። ምሰሶዎቹን በትከሻው ተሸክሞ ሲያልፍ ሰው አይቶ ተከተለው። ድንኳኑ ቆሟል፤ ወንበሩም ወጥቷል።"

"ምን አለ?"

"ምንም። ወርቅአየሁ ልትስመው ብትነሣ ተቀመጪ አላት፣ በቃ።"

አሸናፊ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። አዝመራው ኮቱን ከዛፉ አወረደ፤ ለመልበስ ግን እጁ ቆሽሿል። እንደያዘው ቀረ።

ቀብሩ ሰው የበዛበት ነበር። ከአዲስ ቅዳም የደብሪቱ ዘመዶች በአንድ አይሱዙ ተጭነው መጡ፤ ሴቶቹ በአዊኛ ያለቅሳሉ። ወርቅአየሁ ከመሀላቸው ገብታ ነበር። ከቃሉ አንዱንም ሳትሰማ እነሱ ደረት ሲመቱ ትመታለች፣ ዝም ሲሉ ዝም ትላለች። አስከሬኑን የተሸከሙት የእድሩ ሰዎች ናቸው። ጸሎተ ፍትሐቱ አለቀ፣ አፈሩ ተመለሰ።

በዚህ እድር ልማድ ከዚህ በኋላ ተራው የጸሐፊው ነው። እድሩ ከተመሠረተ ወዲህ የቀበራቸውን ቤተሰቦች ሁሉ ስም ይጠራል፤ ቄሱም በክርስትና ስማቸው እየደገሙ ነፍስ ይማር ያሰኛሉ። ረጅም ነው። ሰው በዚህ ጊዜ ልብሱን ያራግፋል፣ በጆሮው እየሰማ በዐይኑ ጫማውን ይፈልጋል። አዝመራው ስሞቹን በቃሉ ስለሚያውቃቸው ሲጠራ ምንም አያይም ነበር። ዛሬ ግን ቀና ብሎ እየጠራ ሕዝቡን አየ። ስም በተጠራ ቁጥር የዚያ ቤት ሰው ራሱን ዝቅ ያደርጋል። ኪዳኑ ከሁሉም ኋላ፣ አጥሩ አጠገብ፣ ራሱን ሳይነቀንቅ ቆሟል። ይህን ያህል ቀብር መጥቶ ይህን ያህል ስም ሰምቷል።

"ደብሪቱ፤ ወለተ ጊዮርጊስ" አለ አዝመራው በመጨረሻ።

"ነፍስ ይማር" አሉ ቄሱ። ሕዝቡም ተቀበለ። ጋሽ ገብረ ማርያም ከዘራቸውን አንሥተው ለመሄድ ዞሩ፤ የፊተኞቹም መንገድ ጀመሩ።

አዝመራው ከቦታው አልተነቃነቀም።

"እመቤት" አለ።

ቄሱ መስቀላቸውን እንደያዙ ዞር አሉ። "የትኛዋ እመቤት?"

"የአቶ ኪዳኑ ልጅ።"

መሄድ የጀመሩት ቆሙ። ጋሽ ገብረ ማርያም ሳል አሳላቸው። እሑድ ጉባኤው ይህን እንደሚጠይቅ አዝመራው ያውቃል፤ ጸሐፊነቱም እዚያው ላይ ሊያበቃ ይችላል። ቄሱ ግን የእድር ደንብ አያውቁም።

"የክርስትና ስሟስ?"

አዝመራው አፉን ከፈተ። ያን ቀን የልጅቱን ጉዳይ ሲወስን ዕድሜዋን ጠይቋል፣ ጉዲፈቻው መጽደቁን ጠይቋል። ይህን ግን አልጠየቀም።

"አላውቀውም" አለ።

ቄሱ ጠበቁ። ሕዝቡም ጠበቀ። ወርቅአየሁ ከመሬት ላይ ቀና አለች።

"ወለተ ሚካኤል" የሚል ድምፅ ከአጥሩ በኩል መጣ። ወዲያው ደግሞ ያልተሰማ ይመስል፣ ከፍ አድርጎ፣ "ወለተ ሚካኤል ናት" አለ ኪዳኑ።